አባቴ ያላያቸው ሰዎች

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ጠዋት መነጽሬን ፍለጋ ቤቱን ሳምስ አረፈድኩና ሲሰለቸኝ፣ መርፌውንና ክሩን አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ እንዲያው ልሞክር ብል ክሩ ሹልክ ብሎ ገባ። አላመንኩም። አውጥቼ ደገምኩት፤ አሁንም ገባ። ሰማንያን ከተሻገርኩ ቆይቻለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ልብስ ስሰፋ ኖሬ ያለ መነጽር መርፌ መያዝ ካቆምኩ ልጆች ተወልደው ተድረዋል። ልጄ ከበቡሽ፣ እሷም ራሷ የልጅ ልጅ ያየች አሮጊት፣ ይህንን ስታይ እልልታዋን አቀለጠችው። «የጸበሉ ሥራ ነው! የእማዬ ዓይን ታደሰ!» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበችብኝ። ሁሉም ሲስቅና ሲመርቅ እኔ ግን መርፌውን አስቀመጥኩ። ይህንን እልልታ ድሮ በጣሊያን ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያኔ የተባለው ለአባቴ ነበር፤ መጨረሻውም አላማረም።

አባቴ የኔታ ጥሩነህ ይባላል። ከሉማሜ ወደ ዓባይ ቆላ ሲወረድ አፋፉ ላይ ባለች አንዲት ደብር የዜማ መምህር ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገኝ እሱ ነው። ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል እያሉ ሲያሙት፣ «ወጥ ስታማስል ዳዊት ብትደግም ወጡ አያርርባትም» ብሎ እኔንም አስተማረኝ። በዚያ ዘመን የሆነው ነገር አባቴን ስሙን ነጠቀው፣ እኔን ባሌን ነጠቀኝ። ከዚያ ወዲህ ስድሳ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ውስጤ ተቀምጦ ኖሯል፦ አባቴ ያን ቀን ሰዎቹን አይቷቸው ነበር ወይስ አላያቸውም? አይቶ ዝም ብሎ ከሆነ ባሌን የገደለው እሱ ነው። አላየ ከሆነ ደግሞ እሱን የገደልነው እኛ ነን። ሁለቱን በአንድ ልብ ማልቀስ አልቻልኩም።

ደብረ ማርቆስን ያኔ ያያት ሰው ዛሬ ቢመጣ መንገድ ይጠፋዋል። አሁን ባጃጁ እንደ ጉንዳን የሚተራመስበት ቁልቁለት ያኔ ሣር ነበር፤ በቅሎዎች ይጋጡበታል። ጣሊያን ሲገባ ድንጋይ አስፈልጦ መንገዱን አስነጠፈና ዳርና ዳሩ ቆርቆሮ ቤት በቀለበት። ከአንዱ ቤት ሸክላ ሲዘፍን ይውላል፤ ቋንቋው አይገባንም፣ ዜማው ግን ደስ ስለሚል እኛ ኮረዶች የቅቤ ቅላችንን አዝለን ጥግ ላይ ቆመን እንሰማለን። አቡጀዲው እንደ በረዶ የነጣ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ነበር። በአንድ ጠገራ ብር ሙክት ገዝቶ መልሱን በአሞሌ ጨው ይዞ መመለስ ይቻላል። የጣሊያኑን ሊሬ ግን ገበሬው እያገላበጠ «ይህ ቅጠል ፍየል ይበላዋል?» እያለ ያፌዝበት ነበር። አባቴን አንድ ቅዳሜ የዐረቡ ሱቅ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ከዕድሜ ብዛት ቅርቡን ማንበብ አቅቶት፣ መጽሐፉን በክንዱ ልክ አርቆ እንኳ ፊደሉ ይጠፋው ነበር። ዐረቡ መነጽር አወጣና አፍንጫው ላይ ሰካለት። አባቴ ዙሪያውን እያየ ሳቀ፤ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ዋጋው ሲነገረን ግን የበሬ ዋጋ ሆነ። አውልቆ በሁለት እጁ መለሰለትና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ማየቴንስ አየሁ» ብሎት ወጣን።

ከዚያ በኋላ ነው ጸበል የገባው። ክረምቱን እዚያው ከርሞ መስከረም ላይ ሲመለስ ብዙ ለውጥ አላየንበትም ነበር። በጋው እየገፋ ሲሄድ ግን አንድ ቀን ከቅኔ ማኅሌቱ ጨለማ ውስጥ መጽሐፉን አፍንጫው ላይ ደቅኖ፣ የደቀቀውን ጽሕፈት እንደ ጎልማሳ ሲወርደው ተሰማ። ቄሶቹ ተሰበሰቡ። ሌላ መጽሐፍ ሰጡት፣ አነበበ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከጉንደ ወይን በኩል ሳይቀር በሽተኛ ይዞ የሚመጣ ሰው በዛ፤ «የኔታን ያበራ ጸበል የት ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። በእኛ አገር ዓይን ማለት የሚያነብ ዓይን ነው። ፊደል የሚለይ ሰው ተራራ አያይም ብሎ የሚያስብ አልነበረም፤ እኔም፣ እሱ ራሱም ጭምር።

ምልክቱ ግን ነበር። ዛሬ ሳስበው ምልክቱ ሞልቶ የተረፈ ነበር። ነጠላውን በእንዶድ አጥቤ ፀሐይ ላይ አድርቄ ሳመጣለት «ምነው ልጄ፣ አልጸዳም እኮ፣ ቢጫ ሆኗል» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ አኩርፌ እንደገና አጥበዋለሁ። ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ «ዘንድሮ ጨረቃይቱ መንታ ወልዳለች» ብሎ ያስቃል። እኩለ ቀን ላይ ከደጅ ሲወጣ የነጠላውን ጫፍ ግንባሩ ላይ ጥሎ እያጨነቆረ ነው የሚሄደው። ሰማዩ ወለል ባለበት በጋ «ይህ ጭጋግ አልለቅ አለ» ሲል «ከዓባይ የሚወጣ ትነት ነው» ብለን እንመልስለታለን። እሱም ያምነናል። አላምንም ቢል፣ አልዳንኩም ማለት ሊሆን ነው፤ ታቦት የሰጠውን ዓይን መጠራጠር ደግሞ ኃጢአት ነው።

ባሌ ይርሳው ያኔ ከአርበኞቹ አለቃ ከቀኛዝማቹ ጋር ቆላ ወርዶ ጣሊያንን ከሚወጉት አንዱ ነበር። ልጅ ሲወለድ አላየም። ከበቡሽ ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ስትነሳ ግን ከወንድሙ ከአበጀና ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሊመጣ ላከ። ጠባቂ ያስፈልጋል። አፋፉ ላይ፣ መንገዱ ከሉማሜ በሚመጣበት ጉብታ የሚቀመጥ ሰው ሲፈለግ ሁሉም አባቴን አለ። ሽማግሌ ነው፣ ማንም አይጠረጥረውም፤ ዓይኑም አዲስ ነው። ሰው ከመጣ «ላሟ ገደል ገባች!» ብሎ እንዲጮህ ተነገረው። ደስ አለው። ለአገር የሚሆን ነገር ባለመሥራቱ ሲቆጨው ኖሯልና፣ በጠዋቱ መቋሚያውን ይዞ ሲወጣ መንገዱን ያፈጠነው ትዝ ይለኛል።

ባንዶቹ የመጡት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፤ ፀሐይዋን በጀርባቸው አድርገው፣ የመንግሥት ልብሳቸውን በጋቢ ሸፍነው፣ እንደ ገበያተኛ ተራ በተራ። አባቴ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ጉብታው ላይ ተቀምጧል። ጩኸት አልሰማንም። እኛ ቤት ዳቦው ተቆርሶ፣ ይርሳው ልጁን ታቅፎ «አፍንጫዋ የእኔ ነው፣ ምላሷ የእናቷ እንዳይሆን» እያለ ያስቃል። ውሻው ሲጮህ ልጅቷን አቀበለኝና በጓሮ ወጣ። ተኩሱ ወዲያው ነበር። አጥሩ ላይ እንደተንጠለጠለ አገኘሁት፤ ሁለት ጓደኞቹ ደግሞ ማሳው ውስጥ ወድቀዋል። አበጀ ገደሉን ተንሸራትቶ አመለጠ። ቤታችንን አቃጠሉት። አባቴ የጢሱን ሽታ ተከትሎ መሬቱን በመቋሚያው እየዳሰሰ መጣና «ምንድን ነው የተቃጠለው?» ብሎ ጠየቀ።

ያን ሳምንት ሐዘኑ ሳይበርድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ዛፍ ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ። ቀኛዝማቹም ከቆላ መጣ። ሴቶቹ አጥሩን ተጠግተን ቆመናል፤ እኔ ልጄን አዝያለሁ።

«የኔታ፣» አለ ቀኛዝማቹ፣ «ያን ሁሉ ሰው አላየሁም ነው የሚሉት?»

«አላየሁም።»

«ፀሐይ ወጥታ ሳለ?»

«ፀሐይዋ ናት ያላሳየችኝ። ፀሐይ ስትወጣ ይብስብኛል፤ ሁሉ ነገር ነጭ ይሆናል።»

ሰው ሳቀ። «ፀሐይ ሲወጣ የሚታወር ዓይን የት አገር አለ?» አለ አንዱ። ያን ቀን ኩበት ስትለቅም የነበረች ሴት ተነስታ፣ ሰዎቹ በአጠገቡ ሲያልፉ እጅ ሲነሱትና እሱም ሲመርቃቸው ማየቷን ምላ ተናገረች።

«ይፍቱኝ የኔታ አሉኝ። እግዚአብሔር ይፍታ አልኩ። ይፍቱኝ ያለኝን ምን ልበለው?» አለ አባቴ። «ድምፅ ሰማሁ፤ የሰማሁት ክርስቲያን ነው። ገበያ የሚሄድ መሰለኝ።»

አበጀ ያኔ ብቻ ነው የተነሳው። ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ለጋ ጎረምሳ ነበር፤ ከወንድሙ ሞት ወዲህ እህል አልቀመሰም። «ዳዊት ይሰጠው! ዕውር ከሆነ እንየው» አለ።

አባቴ እጁን አነሳ። «ዳዊትማ በቃሌ ነው። ባነብም ባላነብም አታውቁበትም። የማላውቀውን አምጡልኝ።»

ደብራችን ውስጥ ከተቃጠለ ገዳም የሸሸ መነኩሴ ይዞት የመጣ፣ ጽሕፈቱ የደቀቀ ገድል ነበር። እሱን አመጡለት። የዛፉ ጥላ ውስጥ ነን። መጽሐፉን የሚያሸተው እስኪመስል ድረስ አፍንጫው ላይ ለጠፈና ማንበብ ጀመረ። በመጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ ግን ፈጠነ። አንዲት ፊደል አልሳተም። አባቴ ንባብ ይወድ ነበር፤ አዲስ መጽሐፍ በእጁ ሲገባ የት እንዳለ ይረሳል። ገጹን ጨረሰና ማንም ሳያዝዘው ገልብጦ ቀጠለ። አንገቱን ደፍቶ ሲያነብ፣ ዙሪያው ያለው ሰው ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ አላየም።

«በቃህ» አለ ቀኛዝማቹ። አንቱታው ቀረ።

«ፊደሉን አያለሁ። ሰዎቹን ግን አላየሁም» አለ አባቴ።

የሰማው የለም። የመሪጌትነቱን መሬት ነጠቁት፣ ከደብሩ አስወጡት፤ እሳት እንዳይጫርለት፣ ውሃ እንዳይቀዳለት ተባለ። ቢገድሉት ይሻል ነበር። አማቴ በልጇ ሐዘን ላይ ደረቷን እየመታች ያወረደችው ሙሾ አገሩን ሁሉ ዞረ፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ከብት ሲነዱ ይሉት ነበር፦

የቀለም ነጠብጣብ አይቶ ሰው ያላየ፣
ምን ቢከፍሉት ይሆን ዓይኑ የተለያየ።

ገደሉ አፍ ላይ ባለች የእረኛ ጎጆ ተቀመጠ። እኔ ስንቅ አቀብለው ነበር። ያቺን ልጅ አዝዬ፣ የባሌን ሐዘን ጥቁር ልብስ ለብሼ፣ ለአባቴ እንጀራ ይዤ ስወርድ፣ ከአንዱ ደጅ ሴቶች ምራቃቸውን ይተፉብኛል። ጎጆው ደጃፍ ስቀመጥ ደግሞ እኔው ራሴ ፊቱን ማየት ያቅተኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ እውነት አላየሃቸውም?»

«ጭጋግ አየሁ ልጄ። ጭጋጉ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጭጋግ ይንቀሳቀሳል ብዬ ተውኩት።»

እንጀራውን አጠገቡ አስቀምጬ ወጣሁ።

ቆይቶ፣ ዓመት አልፎ ይሆናል፣ ቅርቡም ይጠፋው ጀመር። እጄን አይቶ ሳይሆን ዳስሶ ነው የሚለየኝ። ከዚያ ብሌኑ ደበዘዘ፤ ውሎ አድሮም እንደ አይብ ነጣ። አሁን ዕውርነቱን ከሩቅ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የዋህ ነበርኩና እንግዲህ ያምኑታል ብዬ ደስ አለኝ። እነሱ ግን ሄደው አዩትና አማተቡ። «አያችሁ! እግዜር ፈረደ። ባነበበበት ዓይን ዋሸ፣ ዓይኑን ወሰደበት» አሉ። ዕውርነቱ እንኳ ምስክር መሆኑ ቀርቶ ፍርድ ሆነበት። የመነኮሱት ሳይቀሩ በስብከታቸው ይጠቅሱት ጀመር። አባቴ ይህንን ሲሰማ «እንግዲህ እኔም ምን አውቃለሁ፣ ይሆናል» አለኝ። በመጨረሻ ራሱንም ተጠራጠረ፤ ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። በክረምቱ ሞተ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ያለ ፍትሐት፣ እኔና አንድ ለማኝ ቀበርነው። ጣሊያን የወጣው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ቀኛዝማቹ ማዕረግ ጨመረ፤ እኔ ልጄን ይዤ ደብረ ማርቆስ ገባሁና ስፌት ተማርኩ።

ይህንን ሁሉ ተሸክሜ ነው ባለፈው ጥቅምት ከበቡሽን «እልልታሽን ትተሽ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ» ያልኳት። ለነገሩ ባጃጅ ሊገጨኝ ለጥቂት ነበር፤ የማታ መብራቱም ሁሉ ዙሪያው ቀለበት እየሠራ ያስቸግረኛል። ዶክተሯ የልጅ ልጄ ብትሆን የምታንስ ልጅ ናት። ዓይኔን በመብራት ስታይ ቆየችና «እማማ፣ ዓይንዎ አልታደሰም፤ ሞራ ነው» አለችኝ።

«ሞራማ ነጭ ነው። እኔ መርፌ እያየሁ?»

ወንበሯን ስባ ቀረበችኝ። «ከብሌኑ ኋላ እንደ መስተዋት የጠራ ነገር አለ፤ የምናየው በሱ አልፎ ነው። በዕድሜ እየደፈረሰ ይሄዳል። አንዳንድ ሰው ላይ መሐሉ ቀድሞ ይጠነክርና እንደ አጉሊ መነጽር ይሆናል፤ ለጊዜው ቅርቡን ያሳያል፣ ሩቁን ግን ይነሳል። ነጩን ቢጫ ያስመስላል፤ ፀሐይ ላይ ሲወጡ ብርሃኑን ይበትነዋል። ኋላ ቅርቡም ይሄዳል።»

«ነጩስ?»

«ነጩ መጨረሻው ነው። ሲነጣ በስሎ አልቋል ማለት ነው እንጂ፣ የጀመረው ከዓመታት በፊት ነው።»

«ደቃቅ ፊደል እያነበበ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ሆና የሚመጣ ሰው ላያይ ይችላል?»

«እንዴታ! ጥላ ውስጥ እያነበበ፣ ፀሐይ ላይ ሰው ላያይ ይችላል። የተለመደ ነው እኮ።»

የተለመደ ነው አለችኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ልጅቷ ቀዶ ጥገናውን የፈራሁ መስሏት «አይዞዎት፣ አያምም፣ ዛሬ ቀላል ሆኗል» እያለች እጄን ታሻሸኝ ነበር።

በሳምንቱ ከበቡሽን አስከትዬ በሚኒባስ ሉማሜ ወረድኩ። ዛፉ ሥር ከተቀመጡት ውስጥ በሕይወት ያለው አበጀ ብቻ ነው። የባሌ ቤተሰቦች እሱን ሲያነሱ የአባቴን ስም ይዘሉ ነበርና፣ ለተዝካርና ለሠርግ ብንገናኝም ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም። ደጁ ላይ ቆዳ አንጥፎ ፀሐይ ይሞቃል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ዶክተሯ ያለችኝን ከራስ እስከ ጭራ ነገርኩት። ሳይነቃነቅ ሰማኝ።

«እቴ ደብሬ፣» አለ፣ «ያን ቀን ዳዊት ይሰጠው ስል፣ በቃሌ ነው ያለው ራሱ አይደለም?»

«ራሱ ነው።»

«የማላውቀውን አምጡ ያለውስ?»

«ራሱ።»

«ሊያታልለን ቢፈልግ ኖሮማ ዳዊቱን ተቀብሎ መንተባተብ ይበቃው ነበር። ማን ያውቅበታል?» እጁን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። «ዋሾ ነህ ብለን የፈረድንበት፣ መዋሸት አቅቶት ፊታችን ባነበበው ነው። እኔ ነኝ መጽሐፉን በእጁ ያስያዝኩት። ይህንን ለማወቅ ሐኪም ያስፈልግ ነበር?»

ያለቅሳል ብዬ ነበር፤ አላለቀሰም። ከበቡሽ ግን ፊቷን አዙራለች፤ ስለ አያቷ በሰማችው ሁሉ ውስጥ ይህ አልነበረም።

«ፍትሐት ይደረግለት» አለ አበጀ። «ነገውኑ። ወጪው የእኔ ነው፤ ቄሶቹን እኔ እነግራቸዋለሁ። አጥሩም ሰፍቶ መቃብሩን ወደ ውስጥ ያስገባው። በይ የክርስትና ስሙን ንገሪኝ፤ በሱ ነው የሚጠሩት።»

አፌን ከፈትኩ። ደብተራ የክርስትና ስሙን ይደብቃል፤ መተት የሚያውቅ ጠላት እንዳይጠራበት ለሚስቱ እንኳ ባይነግር አይገርምም። የንስሐ አባቱ ያውቁ ነበር፤ እሳቸውም ከሞቱ ዘመን የለውም። ስንቀብረው ስሙን የጠራ ቄስ አልነበረም። ለእኔ አባዬ ነበር፣ ለአገሩ የኔታ፣ ኋላም ምንም። አበጀ ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ ይጠብቃል።

«አላውቀውም» አልኩት።